ቀዩ ሰማያዊ የሆነበት የጥምቀት ቪዲዮ፦ ስለ ፒክስል ፎርማትና ስለ ባይት ቅደም ተከተል የተደረገ ውይይት

በዚህ የኢንተርኔት ክር (ተከታታይ የጥያቄና የመልስ ገጽ) ላይ ጥያቄውን ያነሣው በደብረ ማርቆስ ከተማ ሠርግና በዓል እየቀረጸ የሚተዳደር ወጣት ባለሙያ ነው። ካሜራ መያዝ ብቻ ሳይሆን የቪዲዮ ማዘጋጃ ፕሮግራሙንም በሲ ፕላስ ፕላስ ራሱ ይጽፋል። በጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ የቀረጸውን ምስል፣ በላዩ ላይ በግዕዝ ፊደል ርእስ ጽፎበት፣ በኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ውስጥ በሚገኘው ኤንቬንክ በተባለው ኢንኮደር (ቪዲዮን የሚያምቅ ክፍል) ኤች.264 ወደተባለው የታመቀ የቪዲዮ ዓይነት ቢለውጠው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተሰቀለው ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ አረንጓዴው ብቻ እንደ ነበረ ቀረ፤ ቢጫው ውሃ ሰማያዊ፣ ቀዩም ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ያንኑ ቪዲዮ በፕሮሰሰሩ ብቻ፣ ኤክስ264 በተባለው የሶፍትዌር ኢንኮደር ሲሠራው ቀለሙ እንከን የለውም። ከዚህ ተነሥቶ ካርዱ ቢግ ኢንዲያን (የቁጥርን ትልቁን ባይት አስቀድሞ የሚያስቀምጥ) ስለሆነ የሚሰጠውን ባይት ይገለብጣል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ፤ ጥያቄውም ይህን መገልበጥ እንዴት ማስቆም እንደሚቻል ነበር።

አንድ ዝርዝር ግን አልሸሸገም። ርእሱን የሚስልበት ላይብረሪ እያንዳንዱን ፒክስል በሜሞሪ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አልፋ (የፒክስሉ አሳላፊነት መጠን) በሚል ተራ ያስቀምጣል። ለኤንቬንክ የነገረው የፎርማት ስም ግን ኤአርጂቢ ነው (ኤ አልፋ፣ አር ቀይ፣ ጂ አረንጓዴ፣ ቢ ሰማያዊ ማለት ነው)፤ አርጂቢኤ የሚል ስም በኢንኮደሩ ዝርዝር ውስጥ ስላጣ የሚቀርበውን መርጧል። መልሱ በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሆኖም ክሩ እስከ ሃያ ሁለት ምላሽ ቀጠለ፤ በመንገዱም ከጥያቄው ይልቅ የሰፋ ነገር ተነሣ። እኔም ከባሕር ዳር ሆኜ ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበርሁ። በጎጃም ከተሞች ቪዲዮ ቤት የከፈቱ ወጣቶች ይህንኑ ችግር ደጋግመው ሲያነሡት ስለምሰማ፣ ምላሾቹን በተራቸው እተርካለሁ።

1ኛው ምላሽ ከዚሁ ከባሕር ዳር የመጣና እጅግ ትሕትና የተሞላበት ነበር። ጸሐፊው ወንድሙን ስለ ዝርዝሩ አመስግኖ፣ ፕሮሰሰሩም ሆነ ካርዱ ሁለቱም ሊትል ኢንዲያን (ትንሹን ባይት አስቀድመው የሚያስቀምጡ) መሆናቸውን፣ ስለዚህ ጥፋቱን ካርዱ ላይ ከመጫን በፊት የስሞቹን ትርጉም ማየት እንደሚሻል መከረ። 2ኛው፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ምክንያቱን ሳያብራራ የፎርማቱን ስም ከኤአርጂቢ ወደ ኤቢጂአር እንዲቀይር ብቻ ነገረው። 3ኛው የጠያቂው የራሱ ነው፦ ቀየረው፣ ቀዩ ቀይ ሆነ፣ አመሰገነ፣ ክሩም የተዘጋ መሰለ።

የሰውን ሁሉ ስሜት የቀሰቀሰው 4ኛው ምላሽ ነው። የጻፈው የቢቸና ተወላጅ የሆነና አሁን አዲስ አበባ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ገና ከመጀመሪያው መስመር በግምት የተገኘ መፍትሔ መፍትሔ አይደለም ብሎ ጀመረ። አነጋገሩ ይቆረቁራል፤ ያስቀመጠው ነገር ግን በሙሉ ትክክል ነው። በኤንቬንክ ሰነድ ውስጥ ኤአርጂቢ የሚለው ስም የባይቶቹን ተራ አይናገርም፤ የሚናገረው ፒክስሉ እንደ አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ሲነበብ አልፋው በላይኞቹ 8 ቢቶች፣ ሰማያዊው በታችኞቹ 8 ቢቶች እንደሚቀመጥ ነው። ሊትል ኢንዲያን የሆነ ማሽን የቁጥሩን ትንሹን ባይት አስቀድሞ ስለሚጽፍ፣ ይኸው ኤአርጂቢ የተባለው ፒክስል በሜሞሪ ውስጥ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አልፋ ሆኖ ይገኛል። የጠያቂው ላይብረሪ ደግሞ ከቀይ ይጀምራል። ስለዚህ ኢንኮደሩ ምንም አልገለበጠም፤ በተነገረው ስም መሠረት አንደኛውን ባይት ሰማያዊ፣ ሦስተኛውን ቀይ ብሎ አነበበ፤ አረንጓዴና አልፋ ቦታቸው በሁለቱም ተራ አንድ ስለሆነ ሳይነኩ ቀሩ። ጨርቁ ላይ አረንጓዴው ብቻ የተረፈበት ምክንያት ይህ ነው።

መሐንዲሱ ቀጥሎ የስሞቹን ልማድ ዘረዘረ፤ እኔ ከዚህ ክር ውስጥ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይገባዋል የምለው ክፍል ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቪዲዮ ሶፍትዌር ውስጥ አርጂቢኤ፣ ቢጂአርኤ፣ ኤአርጂቢ የሚሉት ስሞች በሜሞሪ ውስጥ ያለውን የባይት ተራ ይናገራሉ፤ የማይክሮሶፍት ዳይሬክትኤክስ ቢ8ጂ8አር8ኤ8 የሚለው ስምም እንዲሁ። የሊኑክስ የግራፊክስ ክፍል የሆነው ዲአርኤም የሚጠቀምበት ኤአርጂቢ8888 የሚለው ስም ግን እንደ ኤንቬንክ በቁጥሩ ውስጥ ያለውን ቦታ ከላይ ወደ ታች ይናገራል። እዚያው ኤፍኤፍኤምፔግ ውስጥ እንኳ አርጂቢ32 የሚባል ሌላ ስም አለ፤ እርሱ እንደ ማሽኑ ይለዋወጣል፤ በሊትል ኢንዲያን ማሽን ላይ ትርጉሙ ቢጂአርኤ ነው። እነዚያው አራት ፊደላት በሁለት ሰነድ ውስጥ ተቃራኒ ነገር ይላሉ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ስሙን ብቻ አይቶ ፎርማት የሚመርጥ ሰው ሥራውን አያውቀውም ብሎ ዘጋ፤ ይህችኛዋ ዓረፍተ ነገር ባትኖር ይሻል ነበር።

5ኛውን ምላሽ የሰጡት በሞጣ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አንድ መምህር ናቸው። ጉዳዩን በቅጽ አሞላል መሰሉት፦ በእኛ ልማድ የራስ ስም ይቀድማል፣ የአባት ይከተላል፤ የአባትን ስም አስቀድሞ የሚጠይቅ ቅጽ ሲመጣ ሳያነብ በልማዱ የሚሞላ ሰው በአባቱ ስም ይጠራል፤ ስሞቹ አልጠፉም፣ የተሳሳተው የሳጥኖቹ ንባብ ነው። 6ኛው ምሳሌውን ወድዶ አንድ እርማት ጨመረበት፤ በስም ላይ ሁለት ሳጥን ብቻ ስላለ በባይት ተራና በቁጥር ተራ መካከል ያለውን ልዩነት አያሳይም፤ አንድን ቁጥር ከሺው ጀምሮ መጥራትና ከአንዱ ቤት ጀምሮ መጻፍ የበለጠ ይቀርበዋል ሲል። መምህሩም እርማቱን በደስታ ተቀበሉ።

7ኛው የእኔ ነው። ያነሣሁት አንድ መመርመሪያ ነው፤ ምክንያቱም ቀይና ሰማያዊ ሲቀያየሩ የሚያይ ሰው ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንደኛው አሁን የተነገረው፣ በአርጂቢ ደረጃ ቀይና ሰማያዊ መለዋወጣቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምስሉ ወደ ብርሃንና ወደ ሁለት የቀለም ክፍሎች፣ ማለትም ወደ ዋይ፣ ዩ እና ቪ ከተለወጠ በኋላ ዩ እና ቪ ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ነው። በዚህም ጊዜ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ አረንጓዴውም አረንጓዴነቱን አይለቅም፤ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮ መመልከት ግን ይለያቸዋል። ቢቲ.709 በተባለው የኤችዲ ቪዲዮ የቀለም ስሌትና ከ16 እስከ 235 ባለው የብርሃን ክልል ንጹሕ ቀይ የዋይ ዋጋው 63 ሲሆን ንጹሕ ሰማያዊ 32 ነው። ቀይና ሰማያዊ በአርጂቢ ደረጃ ከተለዋወጡ ቀዩ ጨርቅ በጥቁርና ነጭ ምስሉ ላይ ከ63 ወደ 32 ወርዶ ይጨልማል፤ የተለዋወጡት ዩ እና ቪ ከሆኑ ግን ዋይ ስላልተነካ ጥቁርና ነጭ ምስሉ ፍጹም ጤነኛ ነው። ጠያቂው የተበላሸውን ፋይል በዚህ መንገድ አይቶ ቀዩ መጨለሙን አረጋገጠ፤ በዚህም የመሐንዲሱ ትንተና በቁጥር ተመሰከረለት።

8ኛውን ምላሽ የጻፈችው የዳንግላ እኅታችን ናት። በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራ የቀረጻ መተግበሪያ ትጽፋለች፤ ከኔ ጽሑፍ ተነሥታ የእርስዋ ችግር ሁለተኛው ዓይነት እንደ ነበረ ተረከች። የድሮው የአንድሮይድ ካሜራ የሚሰጠው መደበኛ ፎርማት ኤንቪ21 ነው፦ መጀመሪያ ሙሉው የብርሃን ንጣፍ፣ ከዚያ ቪ እና ዩ እየተፈራረቁ። የስልኩ ሃርድዌር ኢንኮደር የሚጠብቀው ደግሞ ኤንቪ12ን ነው፤ በእርሱ ዩ ይቀድማል። የባይቱ ብዛት አንድ፣ አቀማመጡ አንድ፣ የሁለቱ ቀለሞች ተራ ብቻ የተገለበጠ። የአንዲት ሙሽራ ቀይ ካባ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ ሦስት ቀን ሙሉ የቀለም ማስተካከያውን ስትከስ መቆየቷን ጽፋለች።

9ኛው ይህም የኢንዲያን ጉዳይ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀ። ጨዋ ጥያቄ ነበር። 10ኛው፣ ያው መሐንዲስ፣ በቁጣ መለሰ፤ በኤንቪ12 ውስጥ እያንዳንዱ ናሙና (አንድ የብርሃን ወይም የቀለም ዋጋ) አንድ ባይት ስለሆነ ኢንዲያን የሚባል ነገር ፈጽሞ አይነሣም፣ የዩ እና የቪ ተራ የፎርማቱ ትርጉም እንጂ የማሽኑ ጠባይ አይደለም አለ፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው መጠየቁን ትቶ እንዲያነብም አዘዘ። በ11ኛው የዳንግላዋ እኅት አልታገሠችውም። በዕድሜ የሚበልጡ መምህር በሚያነቡት ገጽ ላይ እንዲህ እንደማይጻፍ በአክብሮት ነገረችው፤ አክላም የእርሱ አነጋገር ራሱ ለ8 ቢት ብቻ እንደሚሠራ፣ ለ10 ቢት ቪዲዮ ኢንዲያን ተመልሶ እንደሚመጣ አስታወሰችው። ልክ ነበረች። በ12ኛው መሐንዲሱ ይቅርታ ጠይቆ ትክክል መሆኗን መሰከረ፤ ከዚያም ክሩ ካገኛቸው ማብራሪያዎች ሁሉ የጠለቀውን ጻፈ።

ፒ010 በተባለው ፎርማት እያንዳንዱ ናሙና ባለ 16 ቢት ቃል (በአንድነት የሚነበብ የቢቶች ጥቅል) ውስጥ ይቀመጣል፤ 10 ቢቱ የላይኛውን ክፍል ይይዛል፣ የታችኞቹ 6 ቢቶች ዜሮ ናቸው። ኤፍኤፍኤምፔግ ውስጥ ዋይዩቪ420ፒ10 የሚባለው ግን 10 ቢቱን በታችኛው ክፍል ያስቀምጠዋል፤ በዚያ ላይ ዩ እና ቪ በየራሳቸው ንጣፍ እንጂ እየተፈራረቁ አይደሉም። ሁለተኛውን ለሃርድዌር ኢንኮደር እንደ ፒ010 አድርጎ የሚሰጥ ሰው እያንዳንዱን ዋጋ በ64 አካፍሎ ሰጠው ማለት ነው። ብርሃኑ ወደ ጥቁር ይወርዳል፤ መካከለኛ የቀለም ዋጋ የሆነው 512 ደግሞ 8 ይሆናል፤ ሁለቱም የቀለም ክፍሎች ወደ ዜሮ ሲጠጉ የሚታየው አረንጓዴ ስለሆነ፣ ምስሉ ጨለማ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። የቃሉ ሁለት ባይቶች ቢገለበጡስ? ያን ጊዜ ምስሉ ሥርዓት ያጣ ነቁጥ ይሆናል፤ የሰው ፊት ጥላው እንኳ በቅጡ አይለይም። እንግዲህ ጨለማ አረንጓዴ ያየ ሰው የቢቶቹን አቀማመጥ ይመርምር፣ ነቁጥ ያየ ደግሞ የባይቶቹን ተራ። የኢንዲያን ጥያቄ የሚነሣው ወይ አንድ ናሙና ከአንድ ባይት በላይ ሲሆን ወይም ብዙ ናሙና በአንድ ቃል ውስጥ ሲታሸግ ብቻ ነው፤ የጥምቀቱ ቪዲዮ ሁለተኛው ነው፣ የኤንቪ21 ስልክ ግን ከሁለቱም አይደለም።

13ኛውና 14ኛው ከጉዳዩ ወጡ፤ መብራት ሲጠፋ በመካከል የተቋረጠን ኢንኮዲንግ እንዴት ማዳን እንደሚቻልና ሃርድ ዲስክ በአውቶቡስ መላክ አስተማማኝ ስለ መሆኑ ነበሩ። 15ኛው ግን የወጣ እየመሰለ ወደ ልቡ ገባ። የጻፈው ከሸማኔ ቤተሰብ የተወለደ የቡሬ ልጅ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ሲቀረጽ ነጩ ጥጥ ጥርት ብሎ ሳለ የጥለቱ ቀይ ለምን ከጠርዙ አልፎ ወደ ነጩ እንደሚፈስስ ጠየቀ፤ አባቱ ክር በክር የለዩት ጥለት በቪዲዮ ላይ የተዘፈዘፈ መምሰሉ እንደሚያሳዝነው ጽፏል። 16ኛው ካሜራው መጥፎ ነው ብሎ አለፈው፤ በዚህ እኔ አልተስማማሁም። በ17ኛው እንደ ጻፍሁት፣ ኤንቪ12 ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲይዝ ቀለሙን ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ይይዛል። ለዚህም ነው አንድ 1920 በ1080 የሆነ ፍሬም በአርጂቢኤ 8,294,400 ባይት ሲሆን በኤንቪ12 3,110,400 ባይት ብቻ የሚሆነው። ለፊትና ለሰማይ ይህ ቁጠባ አይታወቅም። ሁለትና ሦስት ፒክስል ብቻ ስፋት ላለው ቀይ የጥለት መስመር ግን ቀለሙ ከጎኑ ካለው ነጭ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል፤ ምስሉን ጥቁርና ነጭ ስናደርገው መስመሩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የካሜራው ሌንስ ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክረው ይህ ነው። ቀለሙን ለእያንዳንዱ ፒክስል የሚይዘው 4፡4፡4 የተባለው አያያዝ ሲሆን አንዳንድ የኤንቪዲያ ካርዶች በሃርድዌር ይሠሩታል። ለእኛ አገር ልብስ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በ18ኛው የዳንግላዋ እኅት አዲስ ችግር ይዛ ተመለሰች። ዩ እና ቪን ካስተካከለች በኋላ ቀለሙ ከምስሉ ወደ ላይ ከፍ ብሎ መቀመጡን፣ የከንፈር ቀይ አፍንጫ ላይ ማረፉን፣ ከታች ደግሞ አረንጓዴ መስመር መታየቱን ገለጸች። 19ኛው፣ የፍኖተ ሰላሙ፣ በዚህ ጊዜ ምክንያቱን ሳይሰስት አብራራ። ኤች.264 ምስሉን በ16 በ16 ብሎኮች ስለሚከፍል 1080 መስመር እንደ ልብ አይካፈልም፤ ወደ 1088 ከፍ ይላል፤ ትርፎቹ 8 መስመሮች በኋላ ሲታይ ይቆረጣሉ። የእርስዋ ስልክ ኢንኮደርም የቀለሙን ንጣፍ የሚፈልገው ከ1088ኛው መስመር ቀጥሎ ነው፤ እርስዋ ግን ከ1080ኛው ቀጥላ ጽፋዋለች። ስለዚህ ኢንኮደሩ የመጀመሪያዎቹን 8 የቀለም መስመሮች ዘልሎ ያነባል፤ አንድ የቀለም መስመር ሁለት የብርሃን መስመር ስለሚሸፍን ቀለሙ በ16 መስመር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታች የሚጎድለው ቦታ ዜሮ ሲሆን አረንጓዴ ይታያል። አንድሮይድ ይህን ከፍታ ስላይስ ሃይት፣ የእያንዳንዱን መስመር የባይት ርዝመት ደግሞ ስትራይድ ብሎ ይናገራል፤ ሁለቱንም ከስልኩ ጠይቆ መውሰድ እንጂ ከምስሉ ስፋትና ቁመት ማስላት አይገባም። የደብረ ማርቆሱ ጠያቂም በ20ኛው ለስልክ ያዘጋጀው 1080 ስፋት ያለው ቁም ቪዲዮ የተንጋደደበት በዚሁ በስትራይድ ምክንያት መሆኑን አሁን እንደ ተረዳ ጻፈ።

21ኛው የመምህሩ ነበር፤ ተማሪዎቻቸው ሊሞክሩት የሚችሉትን አንድ የሙከራ ፍሬም ጠየቁ። በ22ኛው ጠያቂው ራሱ አዘጋጅቶ አቀረበ፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ሰፋፊ መደቦች፤ በቢቲ.709 ስሌት የሚጠበቁትም የዋይ፣ የዩ እና የቪ ዋጋዎች ለአረንጓዴ 173፣ 42፣ 26፤ ለቢጫ 219፣ 16፣ 138፤ ለቀይ 63፣ 102፣ 240፤ ለነጭ 235፣ 128፣ 128። የሁሉም ሰው ካርድና ስልክ ይህን ፍሬም ኢንኮድ አድርጎ ተመልሶ ሲፈታ እነዚህን ቁጥሮች ወይም በአንድና በሁለት የሚለዩትን ማውጣት አለበት። የዳንግላዋ እኅት በስልኳ ሞክራ ቀዩን 81፣ 90፣ 240 ሆኖ አገኘችው። መሐንዲሱ፣ አሁን በወንድምነት ቃና፣ ይህ የቢቲ.601 ስሌት ውጤት መሆኑን አስረዳት፤ ባይቶቹ በተራቸው ናቸው፤ የአርጂቢውን ምስል ወደ ዋይ፣ ዩ እና ቪ የለወጠው ክፍል የድሮውን ስሌት ተጠቅሟል፤ ፋይሉ ላይ ያ ስሌት ካልተጻፈበት ማጫወቻው 709 ነው ብሎ ሊፈታውና ቀዩን ወደ ብርቱካናማ ሊያስጠጋው ይችላል። እርስዋም የለውጡን ሥራ ለስልኩ ትታ ከመገመት በራሷ ሼደር (በግራፊክስ ክፍሉ ላይ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም) ውስጥ በ709 ሠርታ፣ በፋይሉም ላይ 709 መሆኑን ጽፋ፣ ቀዩን 63 አደረሰችው።

የቡሬው ልጅ ጥያቄ ግን በከፊል ብቻ ተመለሰ። ጠያቂው ያንኑ የሠርግ ቀሚስ በ4፡4፡4 ኢንኮድ አድርጎ በስቱዲዮው ኮምፒውተር ሲያየው ጥለቱ ክር በክር ተለይቶ ታየው፤ ፋይሉን ለሙሽሮቹ ሲልከው ግን ስልካቸው ሊከፍተው አልቻለም፤ በስልካቸው ውስጥ ያለው የቪዲዮ መፍቻ ሃርድዌር የሚያውቀው 4፡2፡0ን (ቀለሙን ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ የሚይዘውን) ነውና። አሁን ለቤተሰቡ 4፡2፡0ውን እየሰጠ፣ 4፡4፡4ውን በሃርድ ዲስክ ለብቻው እያስቀመጠ ይሠራል፤ የቡሬው ልጅም ከዚያ ፋይል የአባቱን ጥለት በሙሉ ቀለሙ አትሞ ወሰደ።